የአየር እፍጋት በቦዲቲ መንገድ

ትናንት የልጅ ልጄ ስልኳን እያሳየችኝ «አባባ፣ ይሄ መቀየሪያ ተበላሽቷል» አለችኝ። የአየርን እፍጋት በግራም በሊትር አስገብታ በኪሎግራም በሜትር ኩብ ስትጠይቀው 1.29 ገብቶ 1.29 ወጣ። «አልተበላሸም» አልኳት። ለምን እንደሳቅሁ ግን አልነገርኳትም።

በሽግግሩ ዘመን ሶዶ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ትምህርት ዘግይቼ በመጀመሬ ሪዝ አውጥቼ ስለነበር ልጆቹ ሲያሾፉብኝ «ጋሼ» ይሉኛል። ከቦዲቲ ተማሪዎች ጋር ለምናደርገው የጥያቄና መልስ ውድድር አንድ ሰው ጎደለና መምህራችን የሚተካውን ለመምረጥ ይህንኑ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጻፈ። የክፍላችን ልጅ አስቴር አስቀድማ ተመርጣለች። እኔን ያጓጓኝ ኬሚስትሪው ሳይሆን ከእሷ ጋር በአንድ ፒክአፕ መሳፈሩ ነው። ጎበዞቹ በሺህ አባዙ፣ በሺህ አካፈሉ። እኔ የማደርገው ቢጠፋኝ ቁጥሩን እንዳለ ገልብጬ የመለኪያውን ስም ብቻ ቀየርኩ።

«ጭንቅላት ማለት ይሄ ነው» አለ መምህሩ። ሪዜን ጠመዘዝኩ።

ቦዲቲ ላይ ነጥባችን እኩል ሆኖ የመጨረሻው ጥያቄ ለእኔ ደረሰ። የጋዙ እፍጋት 0.0018 ግራም በሴንቲሜትር ኩብ ነው፤ በኪሎግራም በሜትር ኩብስ?

«ያው ነው» አልኩ፣ በሙሉ ልብ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ተሸነፍን። ከዚያ በቀረበልን ቦይና፣ በቅቅሉ ጎደሬ ላይ፣ የሚያቃጥለውን የበርበሬ ዳጣ አብዝቼ ጨመርኩበት፤ እንባዬን የማመካኝበት አገኘሁ።

ስንመለስ የበልግ ዝናብ ኮረኮንቹን ያጥበዋል። አስቴር ከፒክአፑ ሸራ ሥር አጠገቤ ተቀምጣ ዝናቡን ታያለች። ከእንግዲህ አታናግረኝም ብዬ ቆረጥኩ።

«ጋሼ፣ የክፍሉን እንዴት ሠራኸው?» አለች በመጨረሻ።

«አልሠራሁትም፣ ገለበጥኩት።»

ፊቷን አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቀች ነው።

«ስማ። በየሊትሩ ጣሳ ውስጥ አንድ አንድ ግራም ዝንጅብል አለ በል። ሺህ ጣሳ አንድ ሜትር ኩብ ነው፤ ዝንጅብሉም ተደምሮ ኪሎ ይሆናል። ሁለቱ እኩል ካደጉ ቁጥሩን ምን ይነካዋል? ሴንቲሜትር ኩብ ግን የጠርሙስ ክዳን እንኳ አታህልም። ሜትር ኩብ ለመሙላት ሚሊዮኗ ያስፈልጋል። ሚሊዮን ግራም ደግሞ ሺህ ኪሎ ነው። ስለዚህ በሺህ ታባዛለህ። ገባህ?»

ገብቶኛል። «አልገባኝም» አልኩ።

ከጣሳው ጀምራ ደገመችልኝ። አሁንም አልገባኝም። ሦስተኛው ላይ ዝንጅብሉን በበርበሬ ለወጠችው። ሶዶ መግቢያ ላይ ስንደርስ ከዚህ በላይ መደንቆር ስላሳፈረኝ ገባኝ አልኳት።

አስቴር ኋላ ዲምቱ ከተማ ተዳረች። እኔም በጊዜዬ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ቅሬታ የለኝም። በዚህ ዕድሜዬ አንድ ነገር ብቻ እጠረጥራለሁ። አስቴር ከክፍላችን አንደኛ ነበረች፤ ገብቶት «አልገባኝም» የሚል ሰው ሳትለይ ቀርታ አይመስለኝም።