ተኝቼ የሮጥኩበት ጾም

ባለፈው እሑድ ቡራዩ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ልትጠይቀኝ መጥታ ከቦርሳዋ የኪኒን ብልቃጥ አወጣች። በስልክ አዝዛ ያስመጣችው ነው። «ተኝተሽም ስብ ያቃጥላል ይላሉ፣ አክስቴ» አለችኝ። ደሜ ፈላ። ይህንን ለእኔ ማን ይነግረኛል!

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ሰበታ፣ አባቴ ቤት። ሠርጌ ከፋሲካ በኋላ ተቆርጧል። ቬሎ ማምጣት የሙሽራው ወገን ወግ ነውና ሱሉልታ ያለችው ታላቅ እህቱ መርጣ ላከችልኝ። ሳትለካኝ! ስለብሰው ዚፑ ከወገቤ በላይ አልወጣ አለ። ብደውልላት ምን ብትል ጥሩ ነው? «ጾሙ እኮ ሃምሳ አምስት ቀን ነው፤ ቀነስ በያ!» እጮኛዬም «እሷን ስሚ» አለ። እኔ ሞኟ ሰማሁ።

የሚያከሳ ኪኒን ከመዋቢያ ሱቅ ገዛሁ፤ የሐኪም ወረቀት የጠየቀኝ የለም። ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት አንድ ነው የተባለው። እኔ ግን ጿሚ ነኝ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ በአፌ አይዞርም። ታዲያ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ሁለቱንም አንድ ላይ፣ በባዶ ሆዴ እውጣቸው ጀመር። ከዚያ የሚወዱት የሽሮ ሽታ ራሱ ያስጠላል፤ ጉርሻ አይወርድም።

በሁለተኛው ሳምንት፣ አልጋዬ ላይ ጋደም እንዳልኩ ልቤ ይጋልብ ጀመር። አልተነሳሁ፣ አልሮጥኩ፤ ላብ አጠመቀኝ። ሞቴ ነው ብዬ ፈራሁ። አባቴ «ማል ታቴ፣ ልጄ? ምን ሆንሽ?» እያለ ደግፎ ጤና ጣቢያ አደረሰኝ።

ነርሷ ኪኒኑን አገላብጣ አይታ ተቆጣች። «ሰው ቢተኛም ሰውነቱ ሥራ አይፈታም። ልብ ይመታል፣ ሳንባ ይተነፍሳል፣ ሙቀት ይጠበቃል። ይሄ ያንን ሥራ በጅራፍ ያስሮጠዋል። የሚቀንስልሽ ክብደት ኢምንት ነው፤ ልብሽ ግን አንድ ነው።» ወደ አባቴ ዞራ «ኦቦ ገለታ፣ ባያመጧት ኖሮ…» አለች።

ሲሻለኝ ቬሎውን አንጠልጥዬ ሱሉልታ ሄድኩ። የበልግ ዝናብ ሜዳውን አረስርሶት ብርዱ አጥንት ይገባል። «ቀሚሱ ይስፋ፤ እኔ አልጠብም!» አልኳት እህትየውን።

«ሰው ምን ይላል?» አለች።

እጮኛዬ አጠገቧ ተቀምጧል። ጤና ጣቢያ መግባቴን ያውቃል። ዓይን ዓይኑን አየሁት።

«ገና አንድ ወር አለ፤ ግማሽ ግማሹን ብትውጪስ?» አለኝ።

ግማሹን! ቬሎውን ጭኑ ላይ ጣልኩለትና ወጣሁ። ሳንጋባ ተፋታን። አገር አወራ፤ ያውራ! ለዕርቅ ሽማግሌ ሲላክ አባቴ «ልጄን የምድረው ከነነፍሷ ነው» ብሎ መለሳቸው።

ይህንን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ነገርኳት። «አልቆጨሽም?» አለችኝ። አንድም ቀን! ዛሬም ወፍራም ነኝ፤ መቀነስ ሲያምረኝ በእግሬ እሄዳለሁ። ስተኛ ግን ልቤም አብሮኝ ያርፋል። ያኔ እምቢ ያልኩት ለአንድ ቀሚስ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ለዕድሜዬ ነው።

ብልቃጡን ቀምቼ ሽንት ቤት ደፋሁት። «አክስቴ፣ ምን ነካሽ!» ብላ ጮኸችብኝ። ትጩህ፤ የሚጮኸው በሕይወት ያለ ሰው ነው።