ቀዝቃዛ ሞተር ጋዝ አይወድም

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት አንድ ሽማግሌ ነው። ሰማያዊ የመካኒክ ቱታ ለብሰው፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ ከመጥረጊያ በነቀሉት ጭራሮ ከጥፍራቸው ሥር የሞተር እድፍ ያወጣሉ። ቀና ብለው አዩኝና፣

«እግርህን ጥረግ፤ እዚህ ሰው ይተኛበታል» አሉኝ።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መታሰሬ ነበር። የታሰረ ሰው ምን እንደሚያደርግ ስለማላውቅ እግሬን ጠረግሁ።

መምህር ነኝ። ቤታችን አምስት ኪሎ አካባቢ ነበር። ሰፈራችን ስለሚፈርስበት ጉዳይ በተጠራ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ሁለት ጥያቄ ጠየቅሁ፤ በማግስቱ ሁለት ሰዎች ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው «ለትንሽ ጥያቄ እንፈልግሃለን» አሉኝ። ሽማግሌው ደግሞ ጋራዣቸው ውስጥ ሬዲዮ ከፍተው በየዜናው ላይ አስተያየት ይሰጡ ነበር። «እኔ የምናገረው ለሞተሩ ነበር፤ ከኋላዬ ደንበኛ መቆሙን አላየሁም» ይላሉ።

በክፍሉ ውስጥ ዘጠኝ ነበርን። ካቦ ተብሎ የተመረጠው አለቃችን ምላሱ የማያርፍ የፒያሳ ጎልማሳ ነው። በየእስር ቤቱ አዲስ ገቢ «የሻማ» ተብሎ ገንዘብ ይከፍላል ይባላል፤ እኛ ክፍል ደንቡ ሌላ ነበር። አዲስ የገባ ሰው የሚያውቀውን አንድ ነገር ለሁላችንም ያስተምራል። የኔ ተራ ረቡዕ ደረሰ። ጂኦግራፊ ላስተምር ተነሳሁና ቃል ጠፋኝ።

«መምህር፣ ምን ሆንክ?» አለ ካቦው።

ያንገበግበኝ የነበረውን አወጣሁት። አባቴ የተወልኝ ባለ ሁለት ወንበር ቀይ የጣሊያን ስፖርት መኪና አለችኝ። ግቢያችን እስከ ቅዳሜ ማታ መለቀቅ አለበት። አልጋና ቁምሳጥኑን ሰው ይሸከመዋል። እሷ ግን ከተነሳች ስድስት ወር ሆኗታል፤ በራሷ ጎማ ካልወጣች ከፍርስራሹ ጋር ተጭና መሄዷ ነው። ባለቤቴ መንዳት ትችላለች፤ ያቺን መኪና ግን ነክታትም አታውቅ። «ጣውንቴ» ነበር የምትላት። ለራሴ ያላለቀስኩት ሰውዬ ለመኪና ላለቅስ ነበር።

ሽማግሌው ጭራሮአቸውን አስቀመጡ።

«ከዚያ በፊት እንዴት ነበር የምትይዛት?»

«በጣም ተንከባክቤ፣ ጋሼ! በየእሁዱ አስነስቼ አምስት ደቂቃ አቆያትና አጠፋታለሁ። ከዚያ አጥቤ እሸፍናታለሁ።»

ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ።

«እነዚህ ሰዎች በሌላ አሰሩህ እንጂ በዚህስ ይገባህ ነበር!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ከገባሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

«አምስት ደቂቃ ሞተር አያሞቅም» አሉ፣ ሳቁ ሲበርድ። «ሳይሞቅ ስታጠፋው ውስጡ ውሃ ያቋጥራል። ውሃው ዘይቱን ያበላሻል፣ የጭስ ማውጫውን ይበላል። ወይ ግማሽ ሰዓት ንዳት፣ ወይ ትተኛ ተዋት። ሰው ቀስቅሰህ ወዲያው ተመልሰህ ተኛ ትለዋለህ?»

የዚያን ቀን አስተማሪው እሳቸው ሆኑ። አራት የፕላስቲክ ኩባያ ደረደሩና «ይኸው አራቱ ሲሊንደር፤ በየአናታቸው እሳት የሚሰጥ ካንዴላ አለ» አሉ። ማንኪያው ዘይት መጨመሪያ፣ የካቦው ጫማ ባትሪ ሆነ። ወረቀት ማውጣት ክልክል ስለነበር እንደ ዳዊት በቃሌ አስጠኑኝ። ስሳሳት ስምንቱም በአንድ ድምፅ ያርሙኛል።

ሐሙስ ባለቤቴ ምሳ ይዛ መጣች። አጥሩ በመሃላችን፣ ጠባቂው አጠገባችን፣ ጊዜያችን ሦስት ደቂቃ።

«ካንዴላዎቹን ፍቺ» አልኳት።

«ምን?»

«አራቱን ካንዴላ ፍቺና በየቀዳዳው አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሪ። አሳድሪው። ጠዋት ካንዴላዎቹ እንደተፈቱ አራተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ግፏት፤ ሞተሩ መዞር አለመዞሩ ይታያል። ያደረውን ቤንዚን በሙሉ አስወጪና አዲስ ሙይ።»

«ሰው ታስሮ ሚስቱን እንዴት ነሽ አይልም?»

«እንዴት ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ቀጥል።»

ዓርብ ስትመጣ ጥፍሮቿ ጠቁረዋል፤ ፊቷ ግን በርቷል። «ዞረ!» አለችኝ ገና ከሩቅ። የጎረቤታችን ባለ ታክሲ ባትሪ አውሶናል፤ ሰፈሩ በሙሉ ዕቃውን ጥሎ መኪናዋን ከቧል። እኔም ቀጠልኩ፤ ካንዴላዎቹ መልሰው መታሰር አለባቸው፣ የራዲያተሩ ውሃና የጎማው ነፋስ መታየት አለበት።

«ሰዓት አልቋል» አለ ጠባቂው።

«ፍሬኑ ቀረኮ!» አልኩ።

ጠባቂው አመነታ። «በሉ ፍሬኑን ጨርሱ» አለ።

«ጋሼ እንዳሉት፣ መኪና መነሳት የምትችለው መቆም ስትችል ነው። ፔዳሉን ርገጪው፤ ከሰመጠ ከግቢ እንዳትወጪ። ስትነሳ ደግሞ ጋዝ እንዳትሰጫት። የሙቀቱ መርፌ መሃል እስኪደርስ ዝግ ብለሽ ንጂ። ከሞቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳትሄድ አታጥፊያት።»

«ነገ ከምሳ በፊት ጆሯችሁን አቁሙ» ብላኝ ሄደች።

ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌው ፊታቸውን ታጠቡ፤ የቱታቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆለፉና ከፍ ካለችው መስኮት ሥር ቆሙ። ከመስኮቷ ባሻገር ወደ ቸርችል የሚወርደው ቁልቁለት አለ። እኛ የሚደርሰን ድምፁ ብቻ ነው።

«ምነው ፋዘር፣ ሊፈቱ ነው እንዴ?» አለ ካቦው።

«እንዲህ ያለ ሞተር ተቀምጠው አይሰሙትም።»

አንድ በአንድ ተነሳን። ዘጠኝ ሰዎች ባዶ ግድግዳ ፊት ለፊት ቆምን። ሚኒባስ አለፈ፤ የጭነት መኪና አለፈ፤ ሌላ ሚኒባስ። ከዚያ ሽማግሌው ከእኔ ቀድመው «መጣች» አሉ። ቀጭን፣ ለስላሳ ድምፅ ቁልቁል ወርዶ ጠፋ።

«ይቺ ናት?» አለ ካቦው። «አቦ፣ የልብስ ስፌት መኪና መስሎኝ ነበር!»

አፈርኩ። ሽማግሌውን ሳይ ግን ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ጋዝ አልሰጠቻትም! ባሏ እየሰማት፣ መንገደኛው እያያት፣ ቁልቁለት ላይ ሆና ጋዝ አልሰጠቻትም! ስንቱን ወንድ ለመንኩ፣ አንድም የሰማኝ የለም። ቆይ፣ ትሙቅ።»

እንደቆምን ጠበቅን። የዓርቡ ጠባቂ ምሳ ሊያስገባ በሩን ከፈተና ደነገጠ።

«ምን ሆናችሁ ነው የቆማችሁት?»

«መኪና እየጠበቅን ነው» አሉ ሽማግሌው፣ ሳይዞሩ።

ሊቆጣ ነው ብዬ ፈራሁ። ምሳውን አስቀመጠና መቃኑን ተደግፎ ቀረ። ማንም ወደ ምሳው አልሄደም።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከታች፣ ከቸርችል በኩል፣ ዳገቱን ይዛ መጣች። ሞተሩ ከሩቅ ሲያጉረመርም ሰማነው። ሽማግሌው ጣታቸውን አነሱ። «ሦስተኛ ላይ ናት... አሁን ወደ ሁለተኛ ታወርዳለች... አወረደች!» ከዚያ ባለቤቴ ጋዙን ረገጠችው። የበሩ ቆርቆሮ ነዘረ። ካቦው «ይመቻት!» ብሎ ዘለለ፤ ስማቸውን በቅጡ የማላውቃቸው ሰዎች አቀፉኝ፤ ጠባቂው ሳቁን በኮፍያው ሸፈነ። እኔ አባቴ ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ የምሰማውን ድምፅ ሰማሁ፤ በደስታ የማደርገውን አጣሁ።

ጸጥ ሲል ሽማግሌው ወደ ቦታቸው ተመልሰው ተቀመጡ።

«አንዱ ካንዴላ እሳቱን ትንሽ ይዘላል» አሉ። «ለክፉ አይሰጥም።»

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተፈታሁ፤ እሳቸውም ብዙ አልቆዩም። ያቺን ካንዴላ ራሳቸው መጥተው ቀየሯት። ቤታችን አሁን የለም። መኪናዋ ግን በባለቤቴ ወንድም ግቢ ትኖራለች። ቁልፏ ባለቤቴ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ስጠይቃት «መጀመሪያ አምስት ደቂቃህን ተው» ትለኛለች። በየቅዳሜው ከምሳ በፊት እሷ ትነዳለች፣ እኔ ከጎኗ እቀመጣለሁ። ቁልቁል ስንወርድ ዝግ ትላለች። ሞተሩ ሞቆ በዳገቱ ስንመለስ፣ የታሰርንበት ጣቢያ አጠገብ ስንደርስ፣ ወደ ሁለተኛ ታወርድና ትረግጠዋለች።

ባለፈው ሳምንት፣ «አሁን እኮ እኔ እዚያ የለሁም» አልኳት።

ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፣

«ሌላ ሰው ይኖራላ» አለችኝ።