የጓያው ዓመት በእስቴ

በጃንሆይ ዘመን፣ የሕክምና ትምህርቴን ልጨርስ አንድ ዓመት ሲቀረኝ፣ ከአዲስ አበባ ወደ እስቴ የወረድኩት በመምህራችን ትእዛዝ ነው። እሳቸው አልጋ ለአልጋ እየዞርን የምንማረው ግማሹን ነው ይሉ ነበር። ለእያንዳንዳችን የገጠር ጤና ጣቢያ ደለደሉና፣ አንድ በሽተኛ ከነቤተሰቡ አጥንተን እንድንመለስ አዘዙን። ጓደኞቼ ጊዜ ማባከን ነው አሉ። እኔም በሆዴ ከእነሱ ጋር ነበርኩ።

ከደብረ ታቦር ወደ መካነ ኢየሱስ

አውቶቡሱ ደብረ ታቦር አወረደኝ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ የበቅሎ ነው። ጎህ ሲቀድ ተነስተን ስንወጣ ጉና በስተግራችን ቆሞ፣ አናቱ አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኗል። እንዲህ ያለ ግዝፈት አይቼ አላውቅም፤ የበሶዬን ዕቃ ይዤ መብላቱን ረሳሁት። ቁልቁለቱን በእግራችን፣ ዳገቱን በበቅሎ እያልን በማግስቱ መካነ ኢየሱስ ገባን።

ጤና ጣቢያው ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ነው። የያዙት አቶ ደምሌ የሚባሉ ጠጉራቸው የሸበተ ድሬሰር፣ ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት የተማሩ የሐኪም ረዳት፣ ናቸው። አገሬው ሐኪም ይላቸዋል፤ እኔ ግን ድሬሰርነታቸውን አልረሳሁም ነበር።

በሦስተኛው ቀን አድማሱ የሚባል ሃያ ዓመት ያልሞላው ገበሬ በበትር እየተደገፈ መጣ። ጉልበቶቹ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ፤ የእግሩ ጣቶች መሬት ይጭራሉ። ጀርባውን ዳሰስኩ፣ ጉልበቱን በትንሿ መዶሻ መታሁ፤ የአከርካሪ ቲቢ ነው ብዬ ወደ ሆስፒታል መላኪያ ደብዳቤ ጻፍኩ። አቶ ደምሌ አነበቡት፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«መጀመሪያ የሚበላበትን ቤት እንይ» አሉኝ።

አድማሱ ቤት

በማግስቱ ግማሽ ቀን ተጉዘን ደረስን። ቤተሰቡ አምስት ነው፤ አድማሱ፣ ወላጆቹና ሁለት ታናናሽ እህቶቹ። እናቱ ወይዘሮ ጥሩነሽ ቂጣና ሽሮ አቀረቡልን። ሁለቱም የጓያ ነው። አቶ ደምሌ ባርከው በሉ፤ እየበሉም ከመቼ ጀምሮ ጓያ ብቻ እንደሚበሉ ጠየቁ። የማሳቸውን ገብስና ስንዴ በረዶ እንደመታው፣ ከዚያ ወዲህ ጎተራው ውስጥ ሌላ እህል እንደሌለ ነገሩን። ልጃቸው የታመመው የጓያ ጭድ ላይ ተኝቶ እንፋሎቱ መትቶት ይመስላቸዋል። አቶ ደምሌ አልገሠጿቸውም።

ይልቅ ማን እንደሚያርስ ጠየቁ። አባትየው አቶ ወርቁ እኔ ነኝ አሉ። አቶ ደምሌ እስከ አጥሩ ሄደው እንዲመለሱ ለመኗቸው። ሲነሡ ዘገዩ። ሲራመዱ የግራ ተረከዛቸው መሬት አይነካም።

«ከመቼ ወዲህ ነው አቶ ወርቁ?»

«ከጥምቀት ወዲህ። ባቴን ይጨመድደኛል። እኔም ታመምኩ ካልኩ ማን ያርሳል ብዬ ነው።»

ወይዘሮ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ እሳቸውም አያውቁም ነበር። እኔ የልጁን አከርካሪ አንድ በአንድ ስቆጥር፣ እኚህ ሰው ገና ያልተናገረ በሽተኛ አገኙ። አፍሬ ነበር፤ ከእፍረቱ ይልቅ ግን መደነቄ በለጠ።

እግር የሚያሽመደምደው ጓያን ብቻ መብላቱ ነው፤ ጓያውን ተዉ ማለት ቀላል ነው፤ ታዲያ ምን ይብሉ? አቶ ደምሌ ወደ ቤተሰቡ የነፍስ አባት፣ ወደ ቄስ ኃይሉ ወሰዱኝና ነገሩን ሁሉ አስረዷቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ሕዝቡን አቁመው እንዲህ አሉ፦

«ይህ የወርቁ ቤት ጓያ ለሁሉም ቤት ጥቂት ጥቂት ቢዳረስና ከገብስ ጋር ቢበላ አይጎዳም። አንድ ቤት ቢከማች ግን አራሹን ይጥላል። ገብስ ያላችሁ ለውጡ።»

ከዚያ አንዲት አሮጊት አንድ ቁና ገብስ ይዘው መጡ። እስከ ማታ የአቶ ወርቁ ደጅ ሰው አልተለየውም።

ሁለት ወር ቆየሁ። የአቶ ወርቁ ተረከዝ ቀስ በቀስ መሬት ነካ። የአድማሱ እግር ግን አልተመለሰም። እንደማይመለስ የነገርኩት እኔ ነኝ። «አባቴስ ያርሳል?» አለኝ። ያርሳል አልኩት።

አዲስ አበባ

ከጓደኞቼ ፊት የምናገርበት ቀን ደረሰ። በሽታ የሚጀምርበትንም የሚገታበትንም ቤት ሳያይ ሐኪም ነኝ የሚል ሰው ገና ተማሪ መሆኑን አውቄ ተመልሻለሁ፤ እንዴት እንደምለው ግን አላውቅም ነበር። መምህራችን እንደ ደንቡ የበሽተኛዬን ዕድሜና ጾታ ጠየቁ።

«አምስት ናቸው» አልኩ። «ሕመሙን ከደበቀው ልጀምር?»

መምህራችን ጠመኔያቸውን አስቀመጡና ከተማሪዎቹ መካከል ተቀመጡ።