በከላላ መንገድ ላይ የገጠምኩት የፊት እግር

አሥራ ሁለት ሰዓት፣ መካነ ሰላም

ማክሰኞ ጠዋት ከመናኸሪያው የተነሣሁት ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ላይ የቆመ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ልሠራ ነው። ሾፌሩን ጋሽ ሙሄን ለብዙ ዓመት አውቃቸዋለሁ። ዋዜማውን ደውለው፣ «ደምሴ፣ የፊት ቀኝ እግሩ ተንጋዶ ቀረ። ኩሽኔታው ዱቄት ሆኗል። እኔ ፈታትቼ አስቀምጬዋለሁ፤ አንተ መጥተህ ግጠምልኝ» አሉኝ። አዳዲስ ኩሽኔታዎች፣ አንድ የመሪ ዘንግ ጫፍ፣ ግራሶና ቁልፎቼን በማዳበሪያ ከረጢት ይዤ ሚኒባሱ ውስጥ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ።

መካኒክ ከሆንኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሌላ ሰው የፈታውን መግጠም ግን ዛሬም ያስፈራኛል። የትኛው ብሎን ከየት እንደወጣ፣ የትኛው ብረት በየት በኩል ዞሮ እንደነበር አላየሁምና። ድሮ አብሮኝ የሚሠራ ሰው ነበር። አድሶ የለቀቀው መኪና ቁልቁለት ላይ ፍሬን አልይዝ ብሎ ሁለት ሰው ሞተ። ከዚያ ወዲህ ቁልፍ አልጨበጠም፤ አሁን በቅሎ ይነግዳል። ገበያ ላይ ስንገናኝ ስለ መኪና አናወራም።

መንገዱ ዝናብ ያጠበው ጠጠር ነው። ግራና ቀኝ ገብስ በጉም ውስጥ ይታያል፤ ከዚያ ሜዳው ሳይታሰብ ያልቅና ገደሉ አፉን ይከፍታል። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ዓይኔ የሚኒባሱ መሪ ላይ ነበር።

ሦስት ሰዓት ተኩል

ሚኒባሱ ከአንዲት የመንገድ ዳር መንደር አላልፍም አለ። ሻይ በፓስቲ ቀማምሼ በቅሎ የሚጎትቱ አንድ አባት ከረጢቴን እንዲጭኑልኝ ለመንኳቸው።

«ወዴት ነህ?» አሉኝ።

«ጋሽ ሙሄ መኪና ጋ።»

«ያ አፋፍ ላይ የቆመው? አላህ ያግራልህ» አሉና በእግረኛ አቋራጭ ወንዙን አሻግረው አፋፉ ድረስ አወጡኝ።

መኪናው በእርግጥም አፋፍ ላይ ነበር። ጤፍና ምስር እንደተጫነ፣ አፍንጫው በክሪክና በድንጋይ ተደግፎ፣ ቀኝ ጎማው ወልቆ ቆሟል። ከፊቱ መንገዱ እየተጠማዘዘ እስከ ወንዙ ይወርዳል። መታጠፊያዎቹን ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አንድ ናቸው። ወደ መካነ ሰላም ለመመለስ ሌላ መንገድ የለም።

አራት ሰዓት ተኩል፣ ሥራው

ጋሽ ሙሄ ብሎኑንና ዳዶውን ሁሉ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ አጠራቅመው ጠበቁኝ።

ይህ መኪና በፊት ጎማውም ስለሚጎትት የፊት እግሩ፣ ጎማውን የሚይዘው ክፍል፣ ሥራ ይበዛዋል። ጎማውን የሚያሽከረክረው ብረት መሐል ለመሐል ያልፋል፤ ጎማው ደግሞ እየተሽከረከረ ከመሪው ጋር ወደ ግራና ወደ ቀኝ መታጠፍ አለበት። ሁሉንም በናፍጣ አጥቤ ሸራ ላይ ደረደርኩ። ላይኛውንና ታችኛውን ኩሽኔታ በግራሶ ሞልቼ አስገባሁ። ጎማው ከመሪው ጋር የሚታጠፍበትን ማጠፊያ በእጄ ወዲያና ወዲህ አዞርኩት፤ ሳይላላ፣ ሳይከብድ ዞረ። ጎማውን የሚያሽከረክረውን ብረት ከውስጠኛው የማርሽ ጥርስ ጋር እስኪገናኝ ሦስቴ ሞክሬ አስገባሁት። ለመሪው ዘንግ አዲሱን ጫፍ ገጥሜ፣ ዳዶው እንዳይፈታ ሽቦ አሾለኩበት።

በመጨረሻ ጎማው የሚታሰርበት እምብርት ቀረ። እሱን የሚይዙት ሁለት ትልልቅ ዳዶዎች ሲሆኑ በመሐላቸው ቀጭን የብረት ቀለበት ይገባል። የቀለበቱ ጠርዝ ዳዶው ላይ ካልታጠፈ መኪናው ሲንቀጠቀጥ ዳዶው እየላላ ይሄዳል። ያን እየሠራሁ ሳለ በረዶ ወረደ። ጠጠር የሚያህል በረዶ ጀርባዬን ሲደበድበው መኪናው ሥር ገባሁ።

ሲያባራ ከመኪናው ዙሪያ ሰው ሞልቷል። ትራንስፖርት ያጡ መንገደኞች ናቸው። እትዬ ዘሀራ የሚባሉ ሴት ባለቤታቸውን በቃሬዛ አስይዘው መጥተዋል። ሰውየው ሆዱን ይዞ ያቃስታል።

«ሐኪም ቤት ካላደረስኩት ይሞትብኛል። ስንት ሰዓት ይፈጅብሃል ወንድሜ?» አሉኝ።

«አልቋል» አልኩ። የእምብርቱን ክዳን ገጠምኩ፤ ጎማውን አሰርኩ። መሪውን እስከ ጥግ አዙረን ሞከርነው። ሠራ።

ስምንት ሰዓት፣ ቁልቁለቱ

በሽተኛውን ጤፉ ላይ አስተኙት። ሌሎቹም ወጡ፤ ከአሥራ አምስት ሰው አያንሱም። እኔ ከጋሽ ሙሄ ጎን ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ነው ያ ቀለበት ትዝ ያለኝ። በረዶው ሲወርድ መዶሻው በእጄ ነበር። ከበረዶው በኋላስ? አጥፌዋለሁ? ክዳኑን ስገጥም ትዝ ይለኛል፤ ስመታው ግን ትዝ አይለኝም። ሁለተኛውን አለፍን። ሦስተኛውን። ከላይ አንዲት ሴት ልጇን ስታባብል እሰማለሁ።

አራተኛውን ስናልፍ መሪው በጋሽ ሙሄ እጅ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ፊቴን አይተው፣ «አብሽር፣ መንገዱ ነው» አሉኝ። አምስተኛው ላይ ቀኝ ጎማው የገደሉን ጠርዝ እየረገጠ አለፈ። ወደ ታች ሳይ ዛፍ እንኳ አልታየኝም።

«ጋሽ ሙሄ፣ ያቁሙት» አልኩ።

«እዚህ? ምነው?»

«ያላሰርኩት ነገር ያለ ይመስለኛል።»

ጋሽ ሙሄ ቀስ ብለው ወደ ተራራው አስጠግተው አቆሙ። ሰው ሁሉ ወረደና ከበበኝ። ጎማውን በክሪክ አንሥቼ ክዳኑን ከፈትኩ። ቀለበቱ አልታጠፈም። የውጭውን ዳዶ በሁለት ጣቴ ይዤ ሞከርኩት፤ ዞረ።

ጋሽ ሙሄ ጎንበስ ብለው አዩት። «ያ ረቢ» ብለው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ከሰዎቹ አንዱ፣ «ልትጨርሰን ነበር!» ብሎ ጮኸብኝ። እውነቱን ነው።

ኩሽኔታውን መረመርኩት፤ አልተጎዳም። ዳዶውን መልሼ አጠበቅሁ፤ ቀለበቱን አጠፍኩ። ጋሽ ሙሄ ራሳቸው በጣታቸው እንዲነኩት አደረግሁ። ከዚያ፣ «እስከ ወንዙ በእግራችሁ ውረዱ» አልኳቸው። የሚከራከር አልነበረም። በሽተኛው ግን መራመድ አይችልም፤ በዚያ ቁልቁለት በቃሬዛ ማውረድም ጊዜ ይፈጃል።

እትዬ ዘሀራ ባለቤታቸውንም እኔንም አዩ።

«አንተስ መኪናው ላይ ትቀመጣለህ?» አሉኝ።

«እቀመጣለሁ።»

«እንግዲያው ይንዳው» ብለው ተመልሰው ወጡ።

የቀሩትን መታጠፊያዎች በየሁለቱ እያቆምን፣ እየወረድኩ እምብርቱን በእጄ እየዳሰስኩ ወረድን። ለብ ብሏል እንጂ አልጋለም። ወንዙ ጋ ስንደርስ ወርጄ ጎማውን ተደግፌ ቆምኩ። እግረኞቹ በአቋራጭ ቀድመውን ኖሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁናል። የጮኸብኝ ሰውዬ ከያዘው ቆሎ አፈሰልኝ።

አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ቤት

መካነ ሰላም ስንገባ በሽተኛውን በቀጥታ ሐኪም ቤት አደረስነው። አንጀቱ ነው ብለው ወዲያው ተቀበሉት። በሦስተኛው ቀን ስጠይቀው ሾርባ ይጠጣ ነበር።

ከዚህ ጉዞ ወዲህ መሐል ላይ የተቋረጠ ሥራ ካጋጠመኝ ካቆምኩበት አልቀጥልም፤ ከመጀመሪያው ዳዶ ጀምሬ እንደገና እነካካለሁ። ደንበኛ ቢቆጣም ይቆጣ።

ያን ዕለት ቤት እንደገባሁ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «መጠርጠር የጀመርከው የቱ ላይ ነው?» አለችኝ።

«የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ።»

«ያስቆምከውስ?»

«አምስተኛውን ካለፍን በኋላ።»

«እስከዚያ ምን ትጠብቅ ነበር?» አለች።

«ሰው ምን ይለኛል እያልኩ ነበር» አልኳት።