ብልቃጡ ላይ የነበረው ስም

ልጄን የሌላ ሴት ወተት አጠጡብኝ። ደሴ ውስጥ ነው፣ ስሙን በማልጠራው ሐኪም ቤት። እኔ ያወቅሁት ግን ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ነው፤ ማንበብ አልችልም ነበር።

ልጅቱ ያለጊዜዋ ተወለደች። እሷን ማሞቂያ ክፍል አስቀርተው እናቷን አልጋ የለም ብለው ወደ ቤታችን ወደ ኮምቦልቻ ሸኟት። ሚስቴ ጧት ጧት ጡቷን በእጇ እያለበች በተቀቀለ ብልቃጥ ትሞላልኛለች። “እንደ ላም አረጉኝ እኮ” ትልና ትስቃለች፤ ሳቁ ሳያልቅ ታለቅሳለች። እኔ ብልቃጡን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ እወጣለሁ።

“ምነው ጋሼ፣ የመካ ዘምዘም ውኃ ነው እንዴ እንዲህ የታቀፉት?” ይለኛል ተሳፋሪው።

ነርሷ ብልቃጡ ላይ ፕላስተር ትለጥፍና የእናቲቱን ስም ጽፋ ፍሪጅ ትከታለች። በመጨረሻው ቀን የተሰጣትን ስሙን ሳታይ በቱቦ አጠጣቻት፤ ባዶውን ብልቃጥ ለእኔ መለሰችልኝ። በማግስቱ ልጃችንን ይዘን ወጣን። ሚስቴ ብልቃጡን ለማስታወሻ ብላ ሳጥን ውስጥ አኖረችው።

ጎልማሳ ሆኜ ቀበሌ ፊደል ቆጠርኩ። ከዚያማ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ሆነ ሥራዬ፤ የሳሙና ካርቶን፣ የክብሪት ቀፎ። አንድ ቀን ሳጥኑን ከፍቼ ብልቃጡን አነሳሁ። ፕላስተሩ ላይ ያለውን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። የሚስቴ ስም አይደለም። የክርስቲያን ሴት ስም ነው፣ ከነአባቷ።

ምን አለበት የሚል ይኖራል። በእኛ ዲን የአንድ ሴት ወተት የጠጡ ልጆች ወንድምና እህት ናቸው፤ ቢጋቡ ሐራም ነው። የሴትዮዋን ልጆች ሳላውቅ ልጄን ለማን ልዳር? ሐኪም ቤቱ ሄጄ ጮህኩ። መዝገብ ቤት ያለው ሰውዬ “የዚያን ጊዜ መዝገብ የለም። ደግሞስ አድጋ የለ? ምን ጎደላት?” አለኝ።

ልጅቱ ለአቅመ ሔዋን ደረሰች፣ ሽማግሌ መጣ። እኔ የልጁ እናት የት ወለደች፣ ልጇን ማን አጠባው እያልኩ ሁለት ጊዜ መለስኩ። ስም ብቻ አይበቃኝም፤ እኛ ወሎ ሴት ስታገባ ሃይማኖቷንም ስሟንም ልትቀይር ትችላለች። “ሰው ጥሎሽ ይጠይቃል፣ ይሄ የሐኪም ቤት ካርድ ይጠይቃል” ብለው ሳቁብኝ። ሦስተኛው የደሴ፣ የሆጤ ሰፈር ልጅ ነው፤ ልጄ ወዳዋለች። እሱንም እንዳልመልስባት ፈርታ አኮረፈችኝ።

ሸሁ ዘንድ ሄድኩ። “አብሽር፤ ግን ሴትዮዋን ፈልግ። በጥርጣሬ ኒካ አላስርም” አሉኝ።

በስሟና በአባቷ ስም እየጠየቅሁ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አገኘኋት። በርበሬ ትሸጣለች። ብልቃጡን አውጥቼ አሳየኋት።

“ምን ይላል?” አለችኝ። እሷም ፊደል አታውቅም።

አነበብኩላት። በርበሬ በነካው እጇ አፏን ያዘች።

“ልጄ በአራተኛው ቀን ሞተችብኝ” አለች። “አልቤ የሰጠኋቸውን ደፉት ስል ነው የኖርኩ። ለእርስዎ ልጅ ማን ሰጣት?”

ነርሷ ልል ነበር። ለስንት ሰው እንደዚያ ብያለሁ። የዚያን የመጨረሻ ቀን ግን ነርሷ ሥራ በዝቶባት ፍሪጁን ከፍታ “የእናትዬውን ስም አይተው ያቀብሉኝ” ብላኛለች። ሦስት ብልቃጥ ነበር። ማንበብ አልችልም ማለት ሞት ሆነብኝ፤ የእኛን የመሰለኝን አነሳሁ። ይህን ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅም ነበር።

“ያቀበልኩ እኔ ነኝ” አልኳት። “ፊደል አላውቅም ነበር።”

አንዲት ገዢ መጥታ ዋጋ ጠይቃ ሄደች።

“ከሞተችብኝ ልጅ በፊትም በኋላም አልወለድኩ” አለች በመጨረሻ። “የሰው ልጅም አላጠባሁ። ልጅዎን ይዳሩ። ሲድሩ ግን እኔን ይጥሩኝ።”

ማታውኑ ለሚስቴ ሁሉንም ነገርኳት። አንድ ሳምንት አላናገረችኝም።

ሸሁ ኒካውን ያሰሩት፣ ያቺ ሴት ከሚስቴ ጎን ተቀምጣ፣ ጥር 14 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው።