ሀብቴነሽን ያስጨረስኋት ተረት

ልጅ ሳለሁ ተረት የምትነግረን ሴት የራሷ መቀመጫ አልነበራትም። ከቡሬ ወጣ ብሎ በሚገኘው የአያቴ ቤት ለሁሉም ሰው ቦታው የታወቀ ነበር፤ አያቴ አባባ ቁርበት በተነጠፈበት መደብ ላይ፣ እማማ የሺ እንዝርታቸውን ይዘው ከአጠገባቸው በርጩማ ላይ፣ እኛ ልጆች በምድጃው ዙሪያ በተዘረጋው ሰሌን ላይ። ሀብቴነሽ ግን ከምድጃው ወዲያ፣ የጥጃዎቹ ጋጣ ከሚጀምርበት፣ ለማገዶ በመጣ ጉማጅ ላይ ነበር የምትቀመጠው። እንጨት ሲያልቅ ጉማጁ ራሱ ይማገድና በማግስቱ በሌላ ጉማጅ ላይ ትቀመጣለች። ያኔ ይህ ነገር ምንም አይመስለኝም ነበር።

እሳቱን የምትጠብቀው እሷ ስለነበረች የተረቱ ብርሃን ሁሉ በእጇ ነበር። ከምሰሶው ላይ የተሰቀለችው ኩራዝ ከራሷ ጥላሸት በቀር ብዙም የምታሳየው የለም። ተረቱ የሚያስፈራው ቦታ ላይ ሲደርስ ሀብቴነሽ ትርኳሹን አመድ ውስጥ ትቀብረውና ቤቱ ይጨልማል፤ የጥጃዎቹ ትንፋሽ ብቻ ይሰማናል፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ እፍ ስትል ፊቷ ከጨለማው ውስጥ ቀስ እያለ ይወጣል። ጠይም አልነበረችም፤ ጥቁር ነበረች፤ ፍሙ ከስር ሲያበራት የጉንጮቿ አጥንት ይታየኝ ነበር። ስትጨርስ እንደ ማንኛውም ተረት ነጋሪ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ትላለች። እማማ ከሌማቱ ይቆርሱና በእኛ እጅ ይልኩላታል። ዳቦውን የጋገረችው ራሷ ሆና ሳለ፣ በሁለት እጇ ተቀብላ እጅ ነስታ ነበር የምትበላው።

በአገራችን ልጅ ትልቅ ሰውን አንቱ ይላል። ለጎረቤት ባልቴት፣ በመንገድ ለሚያልፍ ለማናውቀው ሽማግሌ ሁሉ ከመንገድ ወርደን እጅ እንነሳ ነበር። ሀብቴነሽን ግን አንቺ እንላት ነበር፤ ማንም አላረመንም። ስሟን ያወጡላት የአባባ አባት ናቸው ይባላል፤ ከምዕራብ በኩል፣ ከቆላው፣ ከሽንዲ ወዲያ ካለ አገር ልጅ ሆና እንደ መጣች ይወራል። መጣች ነው የሚባለው፤ ማን አመጣት፣ ከማን እጅ፣ ይህን የሚናገር አልነበረም።

ከተረቶቹ ሁሉ አብልጬ የምወደው የሙሽራዋን ተረት ነበር። አንዲት የጌታ ልጅ በበቅሎ ተጭና ወደ ባሏ ስትሄድ ባሪያዋ በእግሯ ትከተላታለች። ወንዝ ዳር ሲደርሱ ሙሽራዋ ውሃ ይጠማትና ትወርዳለች። ያን ጊዜ ባሪያይቱ ልብሷንና ጌጧን ገፍፋ ወደ ውሃው ትገፋትና፣ የእሷን ቀሚስ ለብሳ፣ በእሷ በቅሎ ተቀምጣ፣ ወንዙን ተሻግራ ሙሽራ ሆና ትገባለች። እውነተኛዋ ሙሽራ ከጎርፍ ተርፋ፣ ለማኝ መስላ ስትመጣ ነገሩ ይገለጣል። ባሪያይቱም ባልተገራ ፈረስ ጭራ ላይ ታስራ፣ በእሾህና በድንጋይ ላይ ትጎተታለች። እኛ ልጆች እዚህ ላይ ስንደርስ እናጨበጭብ ነበር። ተረቱን በየሳምንቱ የማስነግራት እኔ ነበርኩ፤ ከቤቱ ልጆች ሁሉ አፈኛዋ እኔ ነበርኩና። ዛሬ ከተማሪዎቼ በቀር ሰው ፊት ለመናገር የማፍር ሴት መሆኔን ለሚያውቅ ይህ አይታመንም።

አንድ ቅዳሜ ምሽት፣ ትምህርት ቤት ገብቼ ሁለተኛ ክፍል የደረስኩ ይመስለኛል፣ እንደ ልማዴ ያንኑ ተረት አስጀመርኳት። ሀብቴነሽ የዚያን ቀን እህል ስትወቃ ውላ ደክማ ነበር። ተረቱ ወንዙ ጋ ሲደርስ ድምፅዋ ዝቅ አለ። ልጅቱ ልብሱን ለበሰች፣ በቅሎዋ ላይ ወጣች፣ ወንዙን ተሻገረች አለችና አቆመች። እሳቱን ቆሰቆሰች። ቆይታ፣ «ከዚያ ወዲያ የት እንደ ደረሰች አላውቅም» አለች።

«አይደለም» አልኩ። «ፈረስ ጭራ ላይ ነው የምትታሰረው። ጨርሺው።»

«ፈረሱ ዛሬ ጠፍቷል።»

ልጆቹ ሳቁ። የሳቁት በእኔ መሰለኝና ተናደድኩ። ፈረሱ ከጠፋ በበቅሎዋ ጭራ ትታሰር አልኩ፤ አሁን የበለጠ ሳቁ፤ ደስ አለኝ። ሀብቴነሽ ቀና ብላ አየችኝ። እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝ ያ አተያይ ነው፤ ቁጣ የለበትም፣ ልመናም የለበትም፤ ሰው በገበያ መሃል የሚያውቀውን ፊት አይቶ ሰላም ልበል ወይስ ልለፍ ብሎ እንደሚያመነታው ያለ ነበር። እማማ ከእንዝርታቸው ቀና ሳይሉ፣ «ልጆቹን አታጉላዪ፣ ጨርሺላቸው» አሉ።

ጨረሰችው። ፈረሱን አመጣች፣ ጠፍሩን አመጣች፣ እጇን አሰረች፣ እሾሁንና ድንጋዩን አንድ በአንድ ጠራች። ከወትሮው አብልጣ ነው ያስረዘመችው፤ እኛ እስክንጠግብ ድረስ። አጨበጨብን። «ተረቴን መልሱ» አለችና ቀሪውን ተወችው። እማማ የላኩላትን ቁራሽ ይዤ ስሄድ፣ «ጠግቤያለሁ» አለችኝ።

ዞር ስል አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። ቡሬ ወፍጮ ቤት ነበር የሚሠራው፤ ቅዳሜ ማታ ጨውና ላምባ ይዞልን ይመጣል። የላምባው ጀሪካን ገና በእጁ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደ ቆመ አላውቅም።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ እበት ላመጣ ወደ ጓሮ ስዞር አባቴን አየሁት። ሀብቴነሽ ከጋጣው ጀርባ ኩበት ትጠፈጥፍ ነበር። ነጠላውን አደግድጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጉልበቷን ሳመ። በእኛ አገር ጉልበት የሚሳመው የእናት፣ የአባት፣ የንስሐ አባት ነው። እሷ ግራና ቀኙን አየችና በክንዷ ቀና አደረገችው፤ እጇ እበት ስለነበር በመዳፏ አልነካችውም። ከዚያ ሁለቱም አዩኝ።

አባቴ እጄን ይዞ እስከ አጥሩ ወሰደኝ። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ ያደገደገውን ነጠላ ፈትቶ ትከሻው ላይ መለሰ። «እናቴ ናት» አለኝ በመጨረሻ። «የወለደችኝ እሷ ናት፣ ያሳደጉኝ እማማ ናቸው። ለማንም አትንገሪ። ለራስሽም አትንገሪው።»

ትናንት ማታ ስላደረግሁት አንድም ቃል አልተናገረኝም። ያኔ ልጅ ነበርኩና ሀብቴነሽ እንዴት የአባባን ልጅ ልትወልድ እንደቻለች አልጠየቅሁም። አድጌ ነው የገባኝ፤ በዚያ ቤት እሷን ፈቃድሽ ነወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንዳልነበረ፣ የወለደችውንም ልጅ ከጡቷ ነጥለው ለእማማ እንደ ሰጡ፣ እሷም ልጇን ጌታዬ እያለች እንዳሳደገችው።

መሄድ የነበረብኝ ወደ እሷ ነበር። ጉልበቷን መሳም ባልችል እንኳ ጉማጇ አጠገብ መቀመጥ እችል ነበር። እኔ ግን ሰሌኑ ላይ ራቅ አልኩ። ክንዴን ከአጎቴ ልጆች ክንድ ጋር በኩራዝ ብርሃን ማስተያየት ጀመርኩ፤ ፀሐይ ያጠቁረኛል ብዬ ቀትር ላይ ከጥላ አልወጣም ነበር። ተረት ንገሪን ሲሉ የቤት ሥራ አለብኝ እላለሁ። የሚያስጀምራት ሳይኖር ተረቱም እየሳሳ ሄደ። አንዳንድ ምሽት «እኔስ ልጀምር?» ብላ ወደ እኔ ታይ ነበር፤ እኔ ደብተሬ ላይ ተደፍቼ እንዳልሰማ እሆናለሁ።

ተማርኩ፤ አስተማሪ ሆኜ ፍኖተ ሰላም ተመደብኩ። አባቴ ካረፈ በኋላ የዛሬው ባለቤቴ ወገኖች ከደምበጫ ሽማግሌ ላኩ። በእኛ ዘንድ ዝምድና እንዳይኖር ተብሎ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ የሚቆጠረው ግን ዝምድና ብቻ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። አጥንት ይጣራል። አጎቴ የእኛን ወገን ቆጠረ፤ በአባቴ እናት ቦታ እማማ የሺን ጠራ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ግን ወሬ ሳይሰሙ አልቀሩም። ሀብቴነሽ የጠላውን ማሰሮ ይዛ ስትቀዳ በዓይናቸው ተከተሏትና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ልጄ፤ አትዋሺንም። እኚህ ሴትዮ ምናችሁ ናቸው?»

«ሠራተኛችን ናት» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ማሰሮው ከአጠገቤ ነበር። የሽማግሌውን ዋንጫ እስከ አፉ ሞላችላቸውና፣ «የቤቱ ሰው ነኝ ጌታዬ። ልጅቱን በማሳደግ አግዣለሁ እንጂ ሌላ የለኝም» አለች። ሽማግሌው ጠጡ። ነገሩ አለቀ። የሁሉንም እጅ ያስታጠበችው እሷ ናት፤ በሠርጉ ቀን የሙሽራውንም።

በሠርጌ ጠዋት ጓዳ ውስጥ ቀሚሴን ስታስተካክልልኝ ብቻችንን ሆንን። ይቅርታ ልላት አስቤ ነበር ብል ሌላ ውሸት መጨመር ነው፤ ቶሎ እንድትጨርስ ነበር የፈለግሁት። ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ስትጥል፣ «ወንዙን ተሻግረሻል። ወደ ኋላ አትዪ» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ያቺ ምሽት የገባችኝ። በተረቱ ውስጥ የሰው ቀሚስ ለብሳ የተሻገረችው ልጅ እኔ ነበርኩ። ያን ምሽት እንዳትያዝ ልታሳልፋት ስትሞክር፣ ፈረሱን ያስመጣሁት እኔው ነኝ።

ስትሞት ቀብሯ ላይ ነበርኩ። ጥቁር አልለበስኩም። ለቤት ሠራተኛ ጥቁር አይለበስም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ባለፈው ወር ልጄን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ስለመጡ ነው። መንገድ ተዘግቶ ሰንብቶ ሲከፈት መጡ። የእኔ ወገኖች ስላለቁ የእኔን በኩል የምቆጥር እኔው ነበርኩ። ባለቤቴ የእሱን ቆጥሮ ጨረሰ። ልጄ ከበሩ አጠገብ ቆማ ታደምጣለች። የኔን አባት ጠራሁ። «የአባትሽስ እናት?» አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ። የእማማ ስም አፌ ላይ ነበር፤ ከድሮም የለመደው ነው። ግን ልጄ በነጭ ነጠላ በሩ ላይ ቆማ ሳያት የሠርጌ ጠዋት መጣብኝ፤ ይህን ቀሚስ ለእሷም ላለብሳት ነው አልኩ በልቤ።

«ሀብቴነሽ» አልኩ።

የባለቤቴ ዓይን ሲዞር ተሰማኝ። ሽማግሌው ስሙን ከዚህ በፊት አልሰሙትም፤ እንደ ደንቡ ቀጠሉ። «የማን ልጅ?»

ወደ ልጄ አየሁ።

«አገራቸውስ ወዴት ነው?»

«አላውቅም፣ አባቴ። አልጠየቅኋቸውም።»

አንቱ ስላት ያ የመጀመሪያዬ ነበር። የሌላው ወገን ሁሉ እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ በእሷ በኩል ቆጠራው ከራሷ አላለፈም። እውነቱን ከተናገርኩ ሸክሙ ይቀልልኛል ብዬ ኖሬያለሁ፤ አልቀለለኝም፤ ያ ሁሉ ምሽት ከእግሯ ሥር ተቀምጬ ከእሷ ያልጠየቅሁት ተረት አልነበረም፤ እናትሽ ማን ትባላለች ብዬ ግን አንድ ቀን አልጠየቅኋትም። አሁን የሚነግረኝ ሰው በምድር ላይ የለም። ሽማግሌው ጢማቸውን ሲዳብሱ ቆዩና፣ «እንግዲህ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉ። ሊያጽናኑኝ ይሁን ሊነኩኝ እስካሁን አልለየሁም። ተመካክረን እንመለሳለን ብለው ተነሱ። አልተመለሱም። ጠያቂው ልጅ ለልጄ ይደውላል፤ ወላጆቹ ጾሙ ይለፍ ብለዋል አሉ።

እንግዶቹ ሲወጡ ባለቤቴ፣ «ያቺ እጃችንን ያስታጠበችን ሴትዮ?» አለኝ። አዎ አልኩት። መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው። እስከ ዛሬም ብዙ አንነጋገርም።

ልጄ ግን ያን ምሽት አጠገቤ ተቀምጣ ስለ ሀብቴነሽ የማውቀውን ሁሉ እንድነግራት ለመነችኝ። የማውቀው ተረቶቿን ብቻ ነበር። የሙሽራዋን ጀመርኩላት። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሻማ አብርተናል። ወንዙ ጋ ደረስኩ፤ ልጅቱ ቀሚሱን ለበሰች፣ በቅሎዋ ላይ ወጣች፣ ወንዙን ተሻገረች አልኩና አቆምኩ።

«ከዚያስ እማ?»

«ከዚያ ወዲያ የት እንደ ደረሰች አላውቅም።»

ልጄ ጨርሺው አላለችኝም። እኔም ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ አላልኩም። ዳቦው የእሷ ነው፤ እሷ ደግሞ ያን ቅዳሜ ምሽት ጠግቤያለሁ ብላ መልሳዋለች።