«ያለፉ ዘመቻዎች» ሥር የተገኘው ማስታወቂያ

ደብረ ማርቆስ በሚገኝ አንድ የዓይን ክሊኒክ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ሥራ አስኪያጁ ጋሽ ደሴ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጡኝና «ድረ ገጻችን አርጅቷል፤ አዲስ አሠርተናል። ከአሮጌው ወደ አዲሱ የምታጓጉዢው አንቺ ነሽ» አሉኝ። ዕቃ ጫኝ ሆኜ ተቀጠርኩ ብዬ በልቤ ሳቅሁ።

ሥራው መቅዳት፣ መለጠፍና ማንበብ ነው። የሐኪሞቹን ስም፣ የምርመራ ቀናቱን፣ ማስታወቂያውን እገለብጣለሁ፤ የማይሠራውን ሊንክ አወጣለሁ፤ የደበዘዘውን ፎቶ እቀይራለሁ። ይህን ሁሉ ማን ሊያነበው ነው እያልኩ ነበር የምሠራው።

አዲሱ ድረ ገጽ በተከፈተ ማግስት ከይጁቤ ስልክ ተደወለ። ደዋዩ በላይ የሚባል ልብስ ሰፊ ነው።

«እህቴ፣ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ዘመቻው አለፈ እንዴ? እናቴን ከገጠር አምጥቻት ነበር። ስልኬ ላይ ሳየው ያለፈ ይላል። ካለፈማ ልመልሳት ብዬ ነው።»

ዘመቻው ገና ሳምንት ይቀረዋል። ገጹን ስከፍት እውነትም ማስታወቂያው «ያለፉ ዘመቻዎች» ሥር ተቀምጧል። እኛ ቀኑን የጻፍነው በራሳችን አቆጣጠር ነው፤ አዲሱ ሲስተም የሚቆጥረው በፈረንጆቹ። ሰባት ስምንት ዓመት ያለፈን መስሎት መዝገብ ቤት አስገብቶናል።

«ማሽንም እንዲህ ይሳሳታል?» አሉ ጋሽ ደሴ።

«አልተሳሳተም ጋሼ፤ የእኛን ዘመን የነገረው የለም» አልኳቸው።

ለበላይ መልሼ ደውዬ «እንዳትመልሳቸው» አልኩት። ቀኖቹን ሁሉ አስተካክዬ ከገጹ አናት ላይ «ዘመቻው አላለፈም» ብዬ በቀይ ጻፍኩ።

የዘመቻው ዕለት ግቢው በሰው ሞላ። ከመርጡለ ማርያም ድረስ የመጡ ነበሩ። በምን እንደሰሙ አንዱን አዛውንት ብጠይቃቸው «የጎረቤት ልጅ ከስልኳ አነበበችልን» አሉኝ። እኔ ከገጽ ወደ ገጽ የጎተትኩት ቃል ይህን ሁሉ ሰው ከቤቱ አስነስቶ አምጥቷል። ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል።

በማግስቱ የበላይ እናት የእማማ የሺ ፋሻ ተፈታ። ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት፤ ጸጉሩን ዳበሱት።

«በላይ፣ አንተም ሸብተሃልሳ» አሉት።

በላይ ሊስቅ ጀመረና አልሆነለትም። እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ድረ ገጽ አዛውሬያለሁ። ለአዲስ ሠራተኛ የምነግረው አንድ ነገር ነው፦ አዛውረህ ስትጨርስ ከኮምፒውተሩ ተነሥና ገጹን እንደ በላይ በስልክ ከፍተህ አንብበው። ከቀኑ ጀምር።